ራሷ ትነሳለች

የሰውዬው አዲስ መኪና ነዳጅ የምትቀምሰው እንደ ወፍ ነው። ቀይ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች፤ እግሩን ከፍሬን ሲያነሳ ራሷ መልሳ ታስነሳዋለች። ግን ይህን ለሰፈሩ ሰው ማን ያስረዳው! ባቡር ማቋረጫው አጠገብ የሚውሉት የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ድምጿ በጠፋ ቁጥር «ጋሼ፣ ጠፋችብህ? እንግፋልህ!» እያሉ ከኋላ ይረባረባሉ።

ሰነባብቶ ትዕግሥቱ አለቀ። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን አውርዶ ጮኸባቸው።

«እጃችሁን ከመኪናዬ አንሱ! አልተበላሸችም አልኳችሁ! ነዳጅ እየቆጠበች ነው፤ ራሷ ትነሳለች! እንደ እናንተ ቆርቆሮ መሰለቻችሁ እንዴ?»

አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ እናቱን ከሐኪም ቤት ይዞ ሲመለስ፣ መኪናዋ ሐዲዱ ላይ እንደወጣች ድምጿ ጠፋ። ማስነሻውን ቢጫን፣ ነዳጁን ቢረግጥ፣ ወይ ፍንክች! ዘሎ ወረደ።

«ወንድሞቼ፣ ግፉልኝ! ስለ እግዜር ግፉልኝ!»

ተራ አስከባሪዎቹ ተያይተው ሳቁ። አንደኛው እጁን ከኪሱ እንኳ አላወጣም።

«አይዞህ ጋሼ፣ ነዳጅ እየቆጠበች ነው። ራሷ ትነሳለች።»

የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አጥብቆ ያሰረላቸው እናቱ በመስኮቱ ተጣሩ።

«ልጄ፣ ይሄ የምን ጥሩምባ ነው?»