የዱባለ ድርሻ
ቆልፋው የወጣችውን በር ከፈተችና እንደ ልማዷ በጎኗ ዞራ ገባች፤ ፊት ለፊት ብትገባ በሩ አያሳልፋትም። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በእግሯ እስከ ቡታጅራ ገበያ ዳር ደርሳ መመለሷ ነው። ሐኪሙ ትናንት፣ «እትዬ፣ ራስዎን በረሃብ አይቅጡ፤ ከሚበሉት ግማሹን ብቻ ይተዉ። ሲሄዱም እያወሩ ይሂዱ፤ ቃል ሲያጥርዎት ቆም ብለው ይረፉ» ብሏት ነበር።

ጣልያኖች ባሏን ዱባለን ከወሰዱት ሦስት ዓመት ሆኗል። ድርሻውን በየቀኑ ታቀርብለትና፣ እንዳይደፋ ብላ ራሷ ትበላለት ነበር። ዛሬ ግን ግማሹን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ላይ ትታለት ወጣች። በመንገድ ላይ የምታወራው ሰው ስላልነበራት፣ ያወራችው ከሱ ጋር ነው። «ዱባለ፣ ዛሬ አልነካሁብህም። ና፣ ቤት ገብተህ ብላ።»

አሁን ቆጮው የለም። ቅጠሉ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ዱባለ ሲጠግብ የሚያጥፈው እንደዚያ ነበር። በእጥፋቱ ውስጥ የመጨረሻዋን ጉርሻ ሁልጊዜ ለሷ ያስቀርላት ነበር።

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ያንተን ድርሻ እንዳልነካ ሐኪሙ ከልክሎኛል» አለች በሹክሹክታ።

ቅጠሉ ቀስ ብሎ ተገለጠ። የቆጮው ሽታ ወደ ፊቷ ቀረበ።

«እሺ፣ አንዴ ብቻ» አለችና አፏን ከፈተች።

ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ።