ዘንግ የያዘው ሰው

ተዝካር በልቶ ስለ ተዝካሩ ማውራት ነውር ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ ነው የበላሁት። ስለዚህ አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እትዬ ፀሐይወርቅ የአባታቸውን መልክ አያውቁም። አባትየው አክሱም አጠገብ አንድ ፈረንጅ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሲያስቆፍር የቀን ሠራተኛ ነበሩ። እትዬ በተወለዱ በዓመቱ አፈር ተንዶባቸው ሞቱ። እናታቸው “አባትሽን ፈረንጁ ፎቶ ሊያነሳው አቁሞት ነበር” ይሏቸው ነበር፤ ፎቶው ግን የለም። አሁን ደግሞ የእትዬ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ እስከ ገና እንኳ ማየታቸውን እርግጠኛ አይደለም።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚህ ዓመት፣ ልጃቸው ጴጥሮስ እዚህ ስደት አገር፣ ሰሜን ባለው የነዳጅ ማውጫ ካምፕ ሁለት ሳምንት ሺፍት ይሠራል፤ አንዱን ሳምንት ከተማ ገብቶ ማርልቦሮ ሰፈር እናቱ ቤት ይተኛል። በዕረፍቱ የቁፋሮውን ፎቶ ከአንድ ሙዚየም አገኘና በትልቁ ፕሪንት አስደረገ። ከሥሩ “ደረጃው፣ ከምሥራቅ በኩል” ይላል። በፎቶው ላይ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ቁመት እንዲታወቅ መለኪያ ዘንግ አስይዘው ያቆሙት ሠራተኛ።

እትዬ አጉሊ መነጽር ይዘው ተጠጉ። “አፍንጫዬን እዩልኝ! አባቴ ነው!”

ተዝካር አውጥተውላቸው አያውቁም ነበርና አወጡ።

ከእንግዶቹ መሃል ጋሼ ፍስሐ የሚባሉ የአክሱም ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ በቅርቡ ከአገር ቤት እዚሁ ከተማ፣ ስካይቪው ራንች ሰፈር ያስመጣቻቸው። ፎቶው ፊት ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ምግቡንም አልነኩም።

የእትዬ ዘመድ ሙሉ፣ ጉርሻዋን ሳትውጥ፣ “እኚህ ደግሞ የኔም አባት ነው ሊሉ ነው እንዴ?” አለች።

“ኧረ ፕሊስ ሙሉ! በዕድሜያቸው የሁላችንም አባት ናቸው” አለ ጴጥሮስ። እሱም ግን ፈርቷል።

“ያውቋቸው ነበር እንዴ ጋሼ?” አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

ሽማግሌው የእትዬን ዓይኖች ትክ ብለው አዩ። “አባትሽን? እንዴታ! ደግ ሰው ነበሩ። ነፍስ ይማር።”

እትዬ እልል ብለው አለቀሱ።

ጴጥሮስ ሽማግሌውን ሊያደርሳቸው መኪና ውስጥ እንደገቡ አላስቻለውም። “ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰውየው የእርስዎ ዘመድ ነው አይደል? ኮፒ ላድርግልዎት?”

“ምን ያደርግልኛል ልጄ? ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ።”

“አያቴስ?”

“እሱማ ከኔ በፊት ቆሞ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ድንጋዩን ጋረድክብኝ ብሎ ፈረንጁ አስወጣው።”

እትዬ ፀሐይወርቅ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ፎቶውን በጣታቸው እየዳሰሱ “እንደምን አደሩ አባባ” ይላሉ። ለማንም እንዳልናገር ጴጥሮስ አስምሎኛል፤ እናንተም አደራ፣ አትድገሙት።