የዶክተሩን ጣሳ ማን ፈተገው?

"ደማቸው ውስጥ ወባ የለም። ስለዚህ አልታመሙም። አለቀ..."

ይህን ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ድሬዳዋ፣ 1974 ዓ.ም.።

ጠረጴዛው ላይ የአሥራ አንድ ሠራተኞች ስም ዝርዝር አለ። ሁሉም "ትኩሳት ነው፣ አጥንታችን ተሰበረ" ብለው ሳምንት ሙሉ ከፋብሪካ ቀርተዋል።

የዝርዝሩ ርዕስ ምን ይላል መሰላችሁ? "አሻጥረኞች"።

በደርግ ጊዜ ይህች ቃል የት እንደምታስገባ አባቶቻችሁን ጠይቁ...

ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ነው። የቫይረስ ተመራማሪ፣ ለዚሁ ትኩሳት ከአዲስ አበባ የመጣ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወባ አይደለም። ቀን ቀን የምትናከስ ቢምቢ የምታመጣው ቫይረስ ነው።"

"በማይክሮስኮፕህ አሳየኛ።"

"በዚህ አይታይም። በጣም ትንሽ ነው።"

"የማይታይ በሽታ..." ሊቀመንበሩ ሳቀ። "እኔስ ለበላይ አካል የማይታይ ሪፖርት ልላክ? እስከ ቅዳሜ የሚታይ ነገር አምጣ። አለዚያ አሥራ አንዱም ይታሰራሉ።"

ዶክተሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በሁለት ቅያስ ውስጥ፣ ሃያ ጥቁር የተቀቡ ጣሳዎች አስቀምጦ ነበር። ትንሽ ውሃና ቁራጭ ጨርቅ ያለባቸው። ቢምቢዋ እዚያ እንቁላል ትጥላለች፣ እሱ ይቆጥራል።

የላይኛው ቅያስ ጣሳዎች እንቁላል በእንቁላል ሆነዋል። በሽተኞቹም እዚያው ናቸው።

የታችኛው ቅያስ ግን... ባዶ። አሥሩም። ሦስቱንም ሳምንት። ባዶ ብቻ ሳይሆን የሚያብለጨልጭ ባዶ፣ ጨርቁ ሳይቀር የለም።

አንድ ሰው ጥናቱን እያበላሸበት ነው። ዶክተሩ ተናዶ አርብ ንጋት ላይ ሄደና ግድግዳ ጥግ ተደበቀ።

አንዲት ሴትዮ ወጡ። አዴ ዳሃቦ ይባላሉ፣ "አዴ" በድሬ እናት እንደማለት ነው። በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የደቻቱ አሸዋ ይዘዋል።

ጣሳውን ደፉ። በአሸዋ ፈተጉ፣ ፈተጉ... ንጹህ ውሃ ሞሉት። ወደ ቀጣዩ አለፉ።

ዶክተሩ ዘሎ ወጣ። "እማማ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እርስዎ ነዎት?"

"አንተ ነህ እንዴ ባለ ሰደቃው?" ፊታቸው በራ።

"የምን ሰደቃ?"

"ለወፎች ውሃ ያስቀመጥከው ነዋ። አላህ ይቀበልህ... ግን አቦ፣ ሰደቃ በቆሻሻ ጣሳ ይሰጣል? ጨርቅህንም ረስተኸው ሄደሃል፣ አጥቤ አስጥቼልሃለሁ።"

ቀና ሲል አሥር ቁራጭ ጨርቅ ገመድ ላይ ተሰልፏል።

ጭንቅላቱን ያዘ። "በነዚህ ጣሳዎች እኮ አሥራ አንድ ሰው ከእስር ላድን ነበር..."

"ታዲያ ምን አጠፋሁ? መጀመሪያ ደፍቼ ብቻ ሞላሁት። ከቀናት በኋላ ትል ፈላበት። ለካ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ነገር አለ፣ በአሸዋ ካልተፈተገ አይለቅም። በርሜላችንም እንደዚያው ነው። በየሐሙሱ፣ ለጁምዓ፣ ቅያሱን ሙሉ አስፈትጋለሁ። እምቢ ያለች ጎረቤት ከእኔ ምላስ አታመልጥም።"

ዶክተሩ ወደ በርሜላቸው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ።

"አዴ... በዚህ ቅያስ ትኩሳት የያዘው ሰው አለ?"

"አንድም።"

ገባችሁ? ያ የተለጠፈ ነገር የቢምቢዋ እንቁላል ነው። ተበላሸ ያለው ጥናት ማስረጃው ራሱ ነበር።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩን ይዞት ሄደና የሁለቱን ቅያስ በርሜል አንድ በአንድ አሳየው። የላይኛው በቢምቢ ትል የተሞላ፣ የታችኛው ንጹህ።

"ጓድ፣ የሁለቱም ቅያስ ሰዎች የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ከታችኛው ቅያስ አንድም ሰው ከሥራ አልቀረም። አሻጥር በርሜል መርጦ ነው የሚገባው?"

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አሥራ አንዱም ድነው ሥራ ገቡ።

ዶክተሩ ዕድሜውን ሙሉ ቫይረስ አጠና፣ ስንቱን ተመራማሪ አፈራ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ግን ማይክሮስኮፕ አያስነካም ነበር። መጀመሪያ ጣሳ ያስፈትጋል።

"ይህን ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ዳሃቦ ናቸው" ይላቸዋል። እነሱም የውጭ አገር ምሁር ይመስላቸዋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው። ያው የቢምቢ ትኩሳት ይዞኝ፣ አራተኛ ቀኔ። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ከዓይኔ ኋላ... ሐኪሙ "በርሜልህን አጥበሃል?" ሲለኝ "ውሃውን ደፍቻለሁ" አልኩት። ደፋሁ እንጂ አልፈተግኩም።

በርሜሉ የማን ይመስላችኋል?

የአዴ ዳሃቦ። አያቴ ናቸው።

ትምህርቱ፦ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ አላራዝምባችሁም። ማወቅ ብቻውን ትኩሳት አያወርድም። እጅጌህን ሰብስበህ ፈትግ።

እናንተስ... እውነቱን ጻፉልኝ። የበርሜላችሁን ውስጥ የፈተጋችሁት መቼ ነው? "ደፍቻለሁ" የሚል አይቆጠርም።