የሟቾች ወንበር

ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሲሸጡ የኖሩት ፋብሪካዎች የከፈሉት ካሳ በምን ላይ ይዋል ብሎ በሚመክረው ቦርድ ውስጥ፣ በክኒኑ የሞቱትም ወንበር ይኑራቸው ተባለ። ደግ አዋጅ ነው፤ ሟች የውሎ አበል አይጠይቅም። ወይዘሮ የሺመቤት የሟች ልጃቸውን የኪሩቤልን የስልክ መልእክቶች በሙሉ አስረከቡ። ባለሙያዎችም ከዚያ ድምፁንና ጠባዩን አውጥተው፣ ሳሙና በምታክል፣ እንደ እሱ በምትናገር ሣጥን አድርገው ሰጧቸው።

ባለፈው ስብሰባ ሣጥኑ አስቸግሮ ነበር። "በካሳው የሚገዛው መኪና ለማን ነው? የሱሰኞች ማገገሚያው አልጋስ የታል?" እያለ ሰብሳቢውን አቶ ደረሰን ቢያፋጥጣቸው፣ "ትንሽ ማስተካከያ ይደረግለት" ብለው ለባለሙያ ሰጡት።

ዛሬ የቀረበው ሦስት መኪናና ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የአምስት ቀን አውደ ጥናት ነው።

"አልጋውስ?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

"እሱን አውደ ጥናቱ ያየዋል፣ እናቴ" አሉ አቶ ደረሰ፤ ከዚያ ሟቹን ጠየቁ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ የቀረበውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ" አለ ኪሩቤል። ተጨበጨበ። ሟች ከተስማማ ሕያው ምን አፍ አለው!

እናት ቤት ገብተው ሣጥኑን እንደ ልማዳቸው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ኪሩቤል በሕይወት ሳለ "ዛሬም ሽሮ? ኧረ እማ!" ብሎ ሳያጉረመርም በልቶ አያውቅም። ሣጥኑም እስካለፈው ሳምንት እንደዚያው ይል ነበር። ይህችን ለመስማት ሲሉ በየቀኑ ይጠይቁታል።

"ኪሩዬ፣ ሽሮ ልሥራልህ?"

"የቀረበውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።"

ወይዘሮ የሺመቤት የዘገኑትን ሽሮ ወደ ጣሳው መለሱት።