የሲካዳ ልብስ

በኦሳካው ሆስፒታል አባትየው ከሴት ልጁ ከቺዙሩ አልጋ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ጉንፋኑን ያጋባባት እሱ ነበር፤ ትኩሳት ይዟት ደም ስሮቿ የተቆጡት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሕመሙን ቫይረስ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል፤ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ግን የለም» አሉ ሐኪሟ የልቧን ምስል እያዩ። «መዋለ ሕፃናቱ በሙሉ ሲያስነጥስ ነበር እኮ። ደግሞም የልቧ ደም ስሮች አላበጡም፤ ነገ ቤቷ ትገባለች።»

እሱ ግን አልተጠጋም። ቺዙሩ ትኩሳቱ ከለቀቃት ወዲህ መላጥ የጀመረውን የአውራ ጣቷን ቆዳ በቀስታ ልጣ አነሳች።

«አባዬ፣ ና! እንደ ሲካዳ ልብሴን አወለቅኩ!»

«ከዚሁ ይታየኛል።»

«ፈሪ! አይነክስህም እኮ!»

ተጠግቶ ጎንበስ አለላት። በየበጋው ከዛፍ የምትለቅመውን ሲካዳ የተባሉ ነፍሳት ሲያድጉ አውልቀው የሚተዉትን ገለፈት ልብሱ ላይ እንደምትሰካው፣ የተላጠውን ቆዳዋንም ኮሌታው ላይ ለጠፈችለት።

«እንዳይወድቅ፣ አትንቀሳቀስ።»

ጉንጯን ጉንጩ ላይ ስታስደግፍም አልተንቀሳቀሰም።