የዱዌን አውራ ጣት

ጋቢና ውስጥ ሆኜ ማስነሻውን ሞተሪኖ በእግሬ ረገጥኩት። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ዞረና ካርቡራተሩ «ዷ!» ብሎ እሳት ተፋ። ወንድሜ ዱዌን ከኮፈኑ ሥር ተፈናጥሮ ወጣ። ግራ ቅንድቡ ግማሹ የለም።

«አቃጠልሽኝ እኮ!»

«ለማን ብለህ ነው የምታሳድገው? ሚስትህ እንደሆነች ቀና ብላ ካየችህ ቆየች።»

አልሳቀም። «ላቮን፣ እህትዬ፣ አፈር ስሆን በቃሽ። ይሄ ሞተር ሬሳ ነው። ቅበሪውና እንገላገል።»

ኧረ ተው! ይቺ የ1951 ሸቭሮሌት ፒክአፕ አባታችን ለሁለታችን የተዋት ናት። ጋራዤ ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታትቻታለሁ፤ ዝገቷን ፍቄ፣ ያንኑ የጥንቱን አረንጓዴ ቀለም በገዛ እጄ ቀብቻታለሁ። በሯ በአንድ ጣት ይዘጋል። በዚህ በነብራስካ ሜዳ እንከን አገኘሁባት የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። የቀረው ሞተሩን ማስነሳት ብቻ ነው።

ዱዌን ግን ላይዋ ይቅር፣ ሆዷ ይውጣ ባይ ነው። ስምንት ፒስተን ያለው አዲስ ሞተር በተጎታች ጭኖ አምጥቶ ደጄ ላይ አቁሞታል። እጅ ተማትተናል፦ እስከ ቀትር ካልነሳ አሮጌው ወደ ብረት መጣያ፣ አዲሱ ወደ ውስጥ። እኔ ስማታ እየሳቅኩ ነበር፤ እንደሚነሳ አውቃለኋ! አሁንም አውቃለሁ። ግን አባታችን ከእህል ጎተራው ሲመለስ ገና መንደሩ ጫፍ ላይ እያለ ድምፁን ሰምተን እየተጋፋን የምንሮጠው ለዚህ ሞተር ነበር። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ ከሁለታችን ሌላ የለም። ተነቅሎ ከሄደ አንጀቴ ነው አብሮ የሚሄደው።

«ሩብ ጉዳይ፣» አለ ዱዌን ሰዓቱን እያየ።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

ነዳጅ አለ። እሳትም አለ፤ ቅንድቡ ምስክር ነው። እሳቱ የሚመጣው ያለ ሰዓቱ ነው ማለት ነው። ፒስተን ሁለቴ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፦ አንዴ ጭሱን ሊያስወጣ፣ አንዴ ነዳጁን ሊጨምቅ። እሳቱ የሚፈለገው በሁለተኛው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈትተህ ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ትደፍናለህ፤ ሲጨምቅ አየሩ ጣትህን ይገፋዋል። ይህን ብቻዬን ሠርቼዋለሁ፣ ግን ካለፈው ዓመት ሕክምና ወዲህ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ለካ አውራ ጣቴ ሸውዶኛል! እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ገልብጬ ነው የገጠምኩት።

«ና ዱዌን፣ አውራ ጣትህን አበድረኝ።»

«የኔን?»

«ያንተ ሥራ ነክቶ ስለማያውቅ እንደ አዲስ ነው።»

«ሴትዮ፣ እኔ እኮ ባላንጣሽ ነኝ።»

«አየሩ ሲገፋህ ‹ቁሚ› በለኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቼ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩለት። እኔ ከሥር ገብቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩና ሞተሩን በትልቅ መፍቻ አዞር ጀመር። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው።

አንድ ዙር ሞላ። ዝም። ይሁን፣ ይሄ የጭሱ ይሆናል። ሁለተኛውን ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። አሁንም ዝም ካለ ፒስተኑ ትንፋሽ የለውም ማለት ነው፤ ሞተሩ በእርግጥ ሬሳ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚህ በደነዘዘ ጣት ውሸትህን ነው ልለው አልችልም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካርታ ሳያጭበረብር ተጫውቶ የማያውቅ ሰው! ወይ ጉድ! ያለ የሌለ ነገሬን ለዱዌን ጣት ሰጥቼ እኔ መሬት ላይ ተንጋልያለሁ።

መፍቻው ከበደኝ። ገፋሁት። ዝም። ትንሽ ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ጫማው ከቦታው ነቅነቅ አለ።

«ቁሚ፣» አለ ቀስ ብሎ። «አልፈሽዋል። ትንሽ መልሺው።»

መለስኩትና ወጣሁ። ጣቱን ገና አላነሳም።

«ገፋህ?»

«እንዴት አድርጎ!»

«ለመናገር ቆየህ።»

«አዎ፣» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «ቆየሁ።»

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሳነሳ ከሥሩ ያለችው ጠቋሚ ፊቷን ወደ ተቃራኒው አዙራለች። ነቀልኩ፣ ግማሽ ዙር አዞርኩ፣ መለስኩና አሰርኩት። ካንዴላውን ገጠምኩ።

«ራቅ በል፤ የቀረህ አንድ ቅንድብ ነው።»

ገብቼ ረገጥኩት። ሞተሩ አንዴ «ኡሁ» ብሎ ሳለ። ከዚያ ስድስቱም ፒስተኖች አንድ ላይ ተነሱ። ያ ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ጋራዡን ሞላው። «አላልኩህም!» ብዬ ጮህኩ፤ ዱዌን ግን አጠገቤ የለም።

በመስኮት ሳይ ወጥቶ እየሄደ ነው። አኩርፎ አዲሱን ሞተሩን ሊጎትት መሰለኝ። ተጎታቹን አለፈው። ግቢውን ተሻግሮ መንገዱን ያዘና የበቆሎ ማሳው ጥግ እስኪደርስ ሄደ። እዚያ፣ እንደ ልጅነታችን ድምፁን ከሩቅ ሊሰማ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ጨምሪ» አለኝ።

ነዳጁን ረገጥኩለት።