ከሽኝቱ በኋላ

በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው የትም ሆኖ መሥራት ይችላል፤ አንዱ ወጣት ግን እስያ ካልኖርኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ዓምና ታይላንድ የገባው ጓደኛው ይትባረክ፣ ዘንባባ ሥር የተነሣውን ፎቶ እየላከ «የማሌዥያው ቪዛ የሥራ ውል አምጣ ይልሃል፤ የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደግሞ ብዙ ገቢ አሳይ ትልሃለች፤ የታይላንዱ ይሻልሃል» ሲል መከረው።

እሱም ቪዛው ሳይወጣ ሽኝት ደገሰ። በግ ታረደ፤ የዕድሩ ሰብሳቢ መረቁት፤ አክስቱም እዚያ ምን ይበላል ብለው በሶ ቋጠሩለት። በማግስቱ ቪዛው ተከለከለ።

በግ ካስበሉ ወዲያ አልሄድኩም አይባልም። ቀኑ ሲደርስ ቤተሰቡ እያለቀሰ ቦሌ ድረስ ሸኘው። እነሱ ወደ ቤት ሲመለሱ እሱ የቢሾፍቱን ሚኒባስ ያዘ።

በነጋታው እናቱ ደወሉ። «ደረስክልኝ ወይ ልጄ? እስቲ ፎቶህን ላክልኝ!»

«ደርሻለሁ እማዬ፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም» አለና ቁምጣውን ለብሶ ሐይቁ ዳር ወጣ።

አንዲት ዘንባባ አግኝቶ ሥሯ ቆመ። ስልኩን ከፍ ሲያደርግ «ወንድም፣ ወረፋ አለ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር አለ። ቁምጣ የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈዋል፤ ከፊት የቆመው ይትባረክ ነው።

ይትባረክ ትንሽም አላፈረም። «እንኳን ደህና መጣህ» አለው፤ «ሂድ፣ ከባሊዎቹ ኋላ ቁም።»